በሃርላን ጥግ የበቀለው ጥቁር ሳምሶን

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ

ዛሬ የመቃብሩን ጉብታ አቃጠልነው። ነፋሱ ከምዕራብ ነው፣ ለስላሳ፤ ሣሩም ደርቆ ይንኮሻኮሻል። ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም ስለው ደልማር «ነገ ብናደርገውስ?» ይለኛል። እህቴ ሶልቪ ይኼን ሁሉ ዓመት ከዚህ ሰው ጋር እንዴት እንደኖረች እግዜር ይወቀው። የወረዳችን ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ ክብሪት ለመጫርም ስብሰባ ይጠራል።

እኔ እሳቱን ይዤ በላይ በኩል ሄድኩ፤ እሱ ትራክተሩ ላይ የውሃ በርሜል ጭኖ እያዘገመ ከኋላዬ ይጮሃል።

«አርዲስ! ቀሚስሽ እንዳይያያዝ!»

«ሱሪ ነው የለበስኩት፤ ዓይንህን ሐኪም አሳየው!»

ይቺ ጉብታ ማረሻ ነክቷት አያውቅም። ቅድመ አያቶቻችን ከኖርዌይ መጥተው ዙሪያውን ያለውን ሜዳ ሁሉ ሲገለብጡት፣ ይቺን ለሙታናቸው ብለው ተዉአት። የዱሩ ሣርና ጥቁር ሳምሶን የምንለው ሐምራዊ አበባ እዚህ ብቻ የቀሩት ለዚህ ነው። በየሦስት ዓመቱ በጸደይ ካላቃጠልናት ቁጥቋጦ ይውጣታል። ጥቁር ሳምሶን እሳት አይፈራም፤ እንዲያውም ከእሳት በኋላ ነው በጁን ግልብጥ ብሎ የሚወጣው። ይኼን ያስተማረኝ ማንም አይደለም፤ አርባ ዓመት አቃጥዬ ነው ያወቅሁት።

ጭሱ ሲበርድ ደልማር ኮፍያውን አወለቀ። እሱ ኮፍያውን የሚያወልቀው ለጸሎትና ለመጥፎ ወሬ ነው።

«ስለ መንገዱ ልነግርሽ ነበር» አለ። በፌብሩዋሪ የወተት ቦቴው የተገለበጠበትን ጠመዝማዛ ካውንቲው ሊያቃናው ነው። አዲሱ መንገድ የመቃብሩን ደቡብ ጥግ ይወስዳል።

«ደቡብ ጥግ ሃርላን ነው ያለው» አልኩት።

«አውቃለሁ። እሱንም ጎረቤቶቹንም በክብር ወደ ሰሜን በኩል ያዛውሯቸዋል። አዲስ ድንጋይ ጭምር።»

«ሃርላንን በሕይወት እያለ እንኳ ከወንበሩ ያስነሳው ሰው የለም። አሁን አንተ ልታስነሳው?»

ሳቁ መጥቶበት ዋጠው። ባሌን ይወደው ነበር፤ ይኼን አልክድም። ቢሆንም አያስነሳውም።

ኤፕሪል 12፣ ፋሲካ

እነ ሶልቪ ቤት በላን። ካፖርቴን ልወስድ ጓዳ ገብቼ ደልማር ለሶልቪ በወጥ ቤት ሲነግራት ሰማሁ። «ትንሽ ትጮሃለች፣ ከዚያ ትለሰልሳለች። አርዲስን አውቃታለሁ።»

ሶልቪ ደግሞ «ሌላው መንገድ በእኛ በኩል ነው፣ የነፋስ መከላከያ ዛፎቻችንን ይጨርሳል ብለህ ለምን አትነግራትም?» አለችው። እሱም «ዛፉን አባቴ ነው የተከለው ብዬ ከሞተ ባሏ ጋር ላወዳድረው?» አለ።

ይኼን ባልሰማው ደስ ይለኝ ነበር። ዛፍ ግን ዛፍ ነው፤ ሌላ ይተከላል።

እኔ የማውቀውን እሱ አያውቅም። ጥቁር ሳምሶን በዚህ ስቴት በሕግ የተጠበቀ ነው። ከጥንት በራሱ በበቀለበት መሬት ላይ መንገድ እንዲሁ አይወጣም። የኛ ደግሞ የጥንት ነው። አለቀ፣ ደቀቀ።

ኤፕሪል 21

ስቴቱ ቢሮ ደወልኩ። አንዲት የዕፅዋት ባለሙያ አነጋገረችኝ፣ ሬናታ ኩቢያክ ትባላለች። ድምጿ የልጅ ነው። «ተተክሎ ይሆን ወይስ ከድሮ የነበረ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ልጄ፣ ከቅድመ አያቴ በፊት የነበረ ነው» አልኳት። አንድ ጊዜም አላመነታሁም። በሚቀጥለው ወር ትመጣለች።

ላሞቹን ያላለብኩ ያህል ሩጫ በዛብኝ፤ ላሞቹን ከሸጥኩ እኮ ቆየ።

ሜይ 5፣ ማክሰኞ

ሬናታ መጣች። ቀጭን ናት፣ ረጅም፣ ከንግግሯ በፊት የምታስብ ዓይነት። መቃብሩን ዞር ዞር ብላ አየችና የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ካርታ ዘረጋችልኝ። ዳር እስከ ዳር ነጥብ ብቻ ነው። የተሞሉት ነጥቦች አበባው ከጥንት የነበረባቸው ቦታዎች ናቸው። ባዶዎቹ ክቦች ሰው ያመጣበት ነው፤ ከመንገድ ዳር ዘር፣ ከሰው አትክልት ቦታ ያመለጠ። ሙሉዎቹ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ተጠቅጥቀዋል፤ ወደ እኛ ሲመጡ ይሳሳሉ። ጫፉ ላይ አንዲት ብቻዋን የቆመች አለች። በእርሳስ ነው የተሠራችው።

«ይቺ እኛ ነን?»

«እናንተ ናችሁ። እርሳሱን በቀለም ልተካው ወይስ ላጥፋው፣ ይኼ ነው ሥራዬ።»

ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። ጥቁር ሳምሶን ብለን የምንጠራው አንድ አይደለም፤ እህትማማች ነው። የኛ ረዘም ያለው ነው፣ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ የአበባ ቅጠሎቹ እንደ ረጠበ ፀጉር ወደ ታች የሚንጠለጠሉ። የአበባው ዱቄት ነጭ ነው። ሌላው አጠር ይላል፤ አገሩ ደረቁ ሜዳ ነው፣ ካንሳስ፣ ነብራስካ፣ ዳኮታ። የሱ ዱቄት ቢጫ ነው። እዚህ ከተገኘ ሰው አምጥቶታል ማለት ነው። «ሲያብብ እመጣለሁ፤ አንድ በአንድ አያለሁ» አለች።

«ነጭ ነው» አልኳት። «አትልፊ፤ ነጭ ነው።»

ከሄደች በኋላ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዱቄቱን ላስታውስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። አርባ ዓመት ያየሁት አበባ! ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት ይኼን ነው።

ሃርላን ቢኖር ያስታውስ ነበር። ጀርባው እስኪታመም ድረስ በየበጋው ከስንዴ አጫጆች ጋር ይሄድ ነበር፤ ኮምባይነር እየነዳ ከኦክላሆማ ጀምሮ ስንዴው ሲደርስ እየተከተለ እስከ ሰሜን ዳኮታ። በኦገስት ሲመለስ ፊቱ ከኮፍያው በታች ጠቁሮ፣ ኪሱ በዳቦ ላስቲክ የታሰረ የደረቀ የአበባ አናት ሞልቶት ይመጣል። «አርዲስ፣ እዚያም አለ እኮ! የኛው ነው! የትም ብሄድ ይከተለኛል» ይለኛል። የዋህ ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ብቻውን ወደ ጥጉ ይሄድ ነበር፤ ምን ታደርጋለህ ስለው «እያየሁ ነው» ይላል።

ይኼን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሜይ 16

የካውንቲው ሰዎች ብርቱካንማ ሪባን ያሰሩበት ችካል ተክለው ሄዱ። አንዱን የት ቢተክሉት ጥሩ ነው? ሃርላን እግር ስር። ነቀልኩና ደልማር በረንዳ ላይ ባለው የአበባ ሣጥን ውስጥ ተከልኩለት።

ማታ ደወለ። «አርዲስ፣ ችካል ጠፍቶብናል።»

«በረንዳህ ላይ ቆሞልሃል። ውሃ አጠጣው፣ ይጸድቅ ይሆናል።»

ከኋላው ሶልቪ ስትስቅ ይሰማል። ዕድሜ ይስጣት።

ሜይ 25፣ የሙታን መታሰቢያ ቀን

እንደ ወጉ ሁሉም የሣር ማጨጃውን ጭኖ መጣ። በዚህ ቀን ሰው የሟቹን ዙሪያ ካልላጨ የረሳው ይመስለዋል። በየዓመቱ እጣላለሁ። ሣሩን ሳይሆን እንቡጡን ነው የሚያጭዱት፤ በፍቅር ያጭዱታል፣ ያ ነው የባሰው። ዘንድሮ አልተጣላሁም። ተጣጣፊ ወንበሬን ይዤ ደቡብ ጥግ መሃል ለመሃል ተቀመጥኩ፣ ሳንድዊቼንም ይዣለሁ። ማጨጃዎቹ ዞረውኝ ሄዱ። ፓስተሩ ባርከውኝ አለፉ።

ከዚያ ኦርቪል መጣ፣ የተገለበጠው ቦቴ ሹፌር። አሁንም በክራንች ነው። የእናቱ መቃብር ላይ አበባ አስቀምጦ እያነከሰ ወደኔ መጣ።

«ወይዘሮ አርዲስ፣ በአበባው ቅሬታ የለኝም» አለኝ። «እዚያ ቦይ ውስጥ እግሬ ተይዞ ስተኛ ግን ወተቱ በላዬ እየፈሰሰ በረዶ ይሆን ነበር። ሌላ ሰው እንዲተኛበት አልፈልግም።»

«ቀስ ብለህ ብትነዳስ?» አልኩት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ልጁ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። አቤት አፌ! ሳንድዊቹን ለወፍ በተንኩት። እኔ እኮ መንገዱ አይቃና አላልኩም፤ በወዲያ በኩል ይቃና ነው ያልኩት። በወዲያ በኩል የደልማር ዛፎች ናቸው። ይኼንንም አውቃለሁ።

ጁን 13፣ ቅዳሜ

ፈነዳ! ከላይ፣ ከአሮጌዎቹ ድንጋዮች መሃል ፈነዳ። ከእሳት በኋላ እንደሚሆነው ነው፤ የት ልርገጥ የት ልተው የሚያሰኝ። ጎንበስ ብዬ ጣቴን አስነካሁት። ነጭ! እንደ ወፍጮ ዱቄት ነጭ! ሌላውንም ነካሁ፣ ነጭ። ብቻዬን ጮክ ብዬ «አላልኩም?» አልኩ። ማንም ስላልመለሰልኝ ደግሜ አልኩት።

ሃርላን ጋ አልወረድኩም። ፀሐዩ በርትቶ ነበር።

ጁን 15

ሶልቪ እንቁላል ልትወስድ መጥታ እጅጌዬን ያዘችና «ይኼ ቢጫ ምንድነው?» አለች።

«የዳንዴሊዮን ነው» አልኳት።

«በጁን አጋማሽ? ዳንዴሊዮን እኮ አርጅቶ በነፋስ ከተበተነ ቆየ።»

«በኔ ግቢ አላረጀም። የመጣሽው ለእንቁላል ነው ለምርመራ?»

እንቁላሏን ይዛ ሄደች። ከበሩ ላይ ዞር ብላ አየችኝ፣ ታናሼ ሆና እንደ ታላቅ ታየኛለች። ሸሚዙን ወዲያው አጠብኩት።

ጁን 18

ሃርላን ዙሪያ ያሉት ሁሉ። ሌላ ቦታ የለም።

አጠር ያሉ ናቸው። አፈሩ እዚያ ጋ ደረቅ ስለሆነ ነው። ድርቅ ያሳጥራል። ድርቅ ቀለምም ይቀይር ይሆናል፣ ማን ያውቃል።

ጁን 21፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወረድኩና ሃርላን አጠገብ ተቀመጥኩ። ሬናታ ረቡዕ ትመጣለች።

እስቲ በሰከነ ልብ እናስበው። ከላይ ያሉት ነጭ ናቸው፤ እነሱ የጥንት ናቸው፤ ውሸት የለበትም። ታች ያሉት ጥቂት ናቸው። አንዲት ልጅ መጥታ ጥቂቶቹን አይታ «እህ! ሰው ነው የተከለው» ብላ ነጥባችንን ብታጠፋ፣ ለማን ይጠቅማል? ለእውነት አይጠቅምም። ስለዚህ እውነቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ ማለት ነው። ይኼን እንደገና ሳነበው ጠበቃ የጻፈው ይመስላል፤ ቢሆንም ትክክል ነው።

አንተ ደግሞ፣ ሃርላን! አንድ ዓመት እንኳ ሸሚዝ ወይም ሽቶ ይዘህ ብትመጣ ምን ነበረበት? ካንሳስ ውስጥ ሱቅ የለም? ለራሴ ሳቅኩ፣ ቀጥሎ አለቀስኩ። ደግሞ እንዴት ያምራሉ። ከላይ ካሉት ይልቅ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት፣ ልክ እንደሱ፣ አጭርና ደረቱን የነፋ። ናፈቀኝ። አምስት ዓመት ሙሉ «ለመድኩት» እያልኩ ለሰው ስናገር ኖሬያለሁ፤ አልለመድኩትም።

ጁን 23

በመቀስ ቆረጥኳቸው። አበቦቹን ብቻ፤ ሥሩ አልተነካም። ሴት ለጠረጴዛዋ አበባ ብትቆርጥ ወንጀል አይደለም። ልጥላቸው ብዬ ቆሻሻ ማቃጠያው በርሜል ድረስ ሄጄ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

ጁን 24፣ ረቡዕ

ጉዴን በሥርዓቱ ልጻፈው።

ሬናታ ጤዛው ሳይረግፍ መጣች። ማጉያ መነጽሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከላይኛው ድንጋይ ጀመረች፣ አበባ በአበባ። በትንሿ ጣቷ ነካ ታደርግና ጥቁር ጨርቅ ላይ ታብሳለች። ነጭ። ነጭ። ነጭ። «ወይዘሮ ትቬቴን፣ እነዚህ ድንቅ ናቸው» አለች። እኔም እንደ ዳክዬ ከኋላዋ እየተከተልኩ «ነግሬሽ ነበር» እላለሁ።

ደቡብ ጥግ ስንደርስ ተንበረከከች። አናት የሌላቸው አገዳዎች።

«እነዚህን ምን ነካቸው?»

«አጋዘን ያስቸግረናል» አልኩ። ያስቸግረናል ደግሞ፤ ውሸት አልተናገርኩም።

አገዳውን በጣቷ ዳሰሰችው። መቀስ የቆረጠውና አጋዘን የነከሰው አንድ እንዳልሆነ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈችና ወደ መኪናዋ ሄደች።

እዚህ ላይ ተርፌ ነበር። በሩን ከፍታ ልትገባ ነው። ይኼ እናቴ ያሳደገችው አፌ በራሱ ጊዜ ተከፈተና «እንዴ፣ ፓይ ሳትቀምሺ?» አለ። ቤቴ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሰው እዚያ ድረስ መጥቶ ሳይቀምስ ከተመለሰ ምን ይባላል?

«አይ፣ አላስቸግርዎት» አለች። ደንቡን ታውቃለች። ሁለቴ እምቢ ይባላል፤ ሦስተኛ ከተጠየቀ ይገባል፤ ካልተጠየቀ ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለተኛ ጠየቅኳት። «መንገዴ ሩቅ ነው» አለች። እዚያ ላይ መዝጋት ነበረብኝ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ልዘጋው ሞከርኩ። «ዛሬ ጠዋት ከምድጃ የወጣ የሩባርብ ፓይ ነው፣ ጉማጅ ብቻ» አልኩ። መጣች።

ወጥ ቤቴ እስክንገባ ረስቼው ነበር ብል ማን ያምነኛል? ረስቼው ነበር። የሃርላን አበቦች በሰፊው ጠርሙስ ውስጥ ጠረጴዛው መሃል ቆመዋል። ሰማያዊው የላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ ዙሪያውን ቢጫ ዱቄት ረግፎበታል።

ሬናታ ተቀመጠች። ቆርሼ ሰጠኋት። ጎረሰችና «በጣም ጥሩ ነው» አለች፤ በደንብ ያደገች ልጅ ናት። ዋጠችና ጣቷን ጠረጴዛው ላይ ዳበሰችው። አየችው።

«አጋዘኑ ጠርሙስም አለው?» አለች።

ሹካዬን አስቀመጥኩ። «ባሌ ነው» አልኳት። «ሃርላን ነው። በየዓመቱ ከስንዴ አጨዳው በኪሱ እየያዘ ያመጣልኝ ነበር። የኛው መስሎት ነው። ጥጉ ላይ እየዘራው እንደነበር በአፉ አልነገረኝም፤ በቅሎ እስካየው እየጠበቀ ይመስለኛል። ሲያብብ እሱ ሞተ።» ከዚያ በኋላ ያልኩት በለቅሶ ስለሆነ አልጽፈውም።

ሬናታ ጠብቃኝ ስታበቃ «ለምን ደበቁኝ?» አለችኝ።

«ነጥቤን እንዳታጠፊብኝ።»

«ነጥቡማ ሙሉ ነው፣ ወይዘሮ ትቬቴን። ያልታረሰ መሬት ነው፣ ከላይ ያሉት የጥንቶቹ ናቸው፣ ይበቃኛል። በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩኝም ሙሉ ነበር።»

በከንቱ ነው የዋሸሁት! በመቀስ ቆርጬ፣ አጋዘን ከስሼ፣ በከንቱ! ከማፈሬ የተነሣ ሌላ ፓይ ቆረስኩላት።

ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። የምዕራቦቹ፣ የሃርላን ቢጫዎቹ፣ እዚያ ከቆዩ ንቦች ዱቄቱን ያመላልሱታል፤ እንዳይዳቀሉ ትሰጋለች፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሙሉውን ነጥብ ማንም አይከራከርለትም። እስካሁን የተዳቀለ አላየችም። «ዘር ሳይጥሉ ከነሥራቸው መውጣት አለባቸው» አለች፤ «ሁሉም። አንድ እንኳ ቢቀር የጻፍኩትን ያፈርሰዋል። ሰው ልልክ እችላለሁ፤ እርስዎ እንዳያዩት ከፈለጉ።»

«የባሌን አበባ ሌላ ሰው አይነቅልም» አልኳት።

ስትሄድ የቀረውን ፓይ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ሁለቴ እምቢ አለች።

ጁን 25

ለሶልቪ ነገርኳት። «እኔማ ከእጅጌሽ ቀን ጀምሮ አውቄያለሁ» አለች። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» ብላት «ጠይቄሽ ዳንዴሊዮን አልሽኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ልበል?» አለች። አቅፋኝ ቆየች። ደልማር በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል፤ ኮፍያው በእጁ ነበር። ይሳለቅብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልተሳለቀም። ወጥቶ ሄደ።

ጁን 27፣ ቅዳሜ

አካፋና ዶማ ይዤ በጠዋት ወረድኩ። ብቻዬን የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። ድንቄም! የዚህ አበባ ሥር ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ጥቁር፣ እንደ ብረት ዘንግ ቀጥ ያለ፤ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ጫፉን አላገኘሁትም። የመጀመሪያው ላይ ተንበርክኬ እያለሁ የደልማር ፒካፕ መጣ። ረጅም ቀጭን አካፋውን ይዟል፣ የአጥር ቋሚ የሚቆፍርበትን።

«ቀስ በል» አልኩት፣ «ሃርላንን እንዳትቀሰቅሰው።»

«እሱ እኔን ስንት ጊዜ ቀስቅሶኛል» አለና ጃኬቱን አወለቀ።

እሱ ይቆፍራል፣ እኔ ወርጄ እስባለሁ። የመጨረሻው ድንጋዩ ሥር ነበር፣ ከሁሉም ወፍራሙ፤ በመጀመሪያው ዓመት የዘራው ይመስለኛል። ደልማር ትንሽ ገለል አለልኝ። ያንን ብቻዬን ቆፈርኩት። ወጣ። ጉድጓዱን በእጄ ሞላሁና ሣሩን መለስኩበት።

ደልማር ከሥሩ ጫፍ ቆርጦ በሱሪው ጠረገና ነከሰው። አያቱ ጥርሷን ሲያማት እንዲህ ታደርግ እንደነበር ነገረኝና ለኔም ቆረሰልኝ። ቢሆንም ባይሆንም የሃርላን ነው ብዬ አኘክሁት። መጀመሪያ አፈር አፈር አለኝ፣ ከዚያ ምላሴን ነዘረኝ፣ ከዚያ ደነዘዘ።

«ትናንት ካውንቲው ጋ ደውያለሁ» አለ ደልማር፣ ወደ ማዶ ወደ ዛፎቹ እያየ። «ባለሙያዋ እስክትጽፍ ምን አስጠበቀን፣ በእኔ በኩል ይቃና አልኳቸው። በመከር ይቆርጧቸዋል። አባቴ ቢኖር ይገድለኝ ነበር። ኦርቪልም ደስ ብሎታል።»

እኔ አካፋዬን ተደግፌ ዛፎቹን አያለሁ። ደልማር አፈጠጠብኝ።

«ምነው? አርዲስ መልስ አጣች? ኧረ ቀኑ ይመዝገብልኝ!»

ወደ ምላሴ አመለከትኩት። ሣቀ፤ ጉልበቱን እየመታ ሣቀ። «ሥሩ ነው! ይኼን ባውቅ ከሠላሳ ዓመት በፊት አበላሽ ነበር!» ነቃቅለን የከመርናቸውን ፒካፑ ላይ ጭኖ ቤቴ ድረስ አደረሰኝ። ለሶልቪም ደውሎ ሥሩ እንዴት እንዳደረገኝ እየነገራት ነው፤ መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ከግቢው ይሰማኛል።

የምላሴ ድንዛዜ ግን ፒካፑ ጋ ሳንደርስ ነው የለቀቀኝ፤ እስከ ቤቴ ቃል ያሳጣኝ ሥሩ አይደለም።